አሸዋ የማይገባበት ክፍል

ከሰል ይዞ መግባት ክልክል ነው ብሎ በገዛ እጁ በር ላይ የጻፈ ሰው፣ ከዚያው በር ኋላ በከሰል ጢስ ሞቶ እንዴት ይገኛል?

ኢንስፔክተር አመተማርያም ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። ከሥሩ ሁለተኛ መስመር አለ፦ «አሸዋ የነካ ጫማም አይገባም።» ጫማዋን አራግፋ ገባች።

ክፍሉ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በአቶ መርሻ ማቅለጫ ቤት ጓሮ በኩል ነው። ዮሴፍ በታጣፊ አልጋ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ጋቢውን እስከ ደረቱ ስቧል፤ ጆሮዎቹን በጥጥ ወትፏል። ጉንጮቹ ፀሐይ ላይ የዋለ ይመስል ቀልተዋል። መስኮቱ የጉና ነፋስ እንዳይገባ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ከአልጋው ግርጌ አመድ የሞላበት የከሰል ማንደጃ አለ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የመስታወት ሣጥን የመሰለ ማሽን ተቀምጧል፤ በውስጡ ክንፎቹ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ጥቁር የፕላስቲክ ተሽከርካሪ፣ በፓምፕ ውስጥ እየዞረ ውሃ የሚገፋው ዓይነት፣ ተሠርቶ አልቋል።

ማንደጃውን በጨርቅ ይዛ አነሣችው። ከሥሩ ሲሚንቶው ላይ ደረቅ አሸዋ ተነጥፏል፤ ስስ ነው፣ በመዳፍ የተደለደለ። ጠርጋ በፖስታ ከተተችውና ኪሷ ጨመረችው። ለማንም አልተናገረችም።

ሬሳውን ያገኘችው ቤዛዊት ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የአቶ መርሻ ልጅ ናት፤ ከዮሴፍ ጋር ማሽኑን የምታሠራውም እሷ ነበረች።

«እዚህ ለምን ተኛ?» አለቻት አመተማርያም።

«ትልቅ ሥራ ሲኖር መብራት እንዳይጠፋበት እየጠበቀ እዚሁ ነው የሚያድረው። ድምፁ ስለሚረብሸው ጥጥ ይወትፋል። ‹ማሽኑ ቀጥ ሲል ንዝረቱ ስለሚቀርብኝ እነቃለሁ› ይል ነበር።»

«ትናንት እኮ የኅዳር ሚካኤል ነው። በበዓል ይሠራል?»

«አባቴም ጠይቆት ነበር። ‹የሚሠራው ማሽኑ፤ እኔ ተኝቻለሁ፣ ምን አጠፋሁ?› አለው።» ሳቅ አመለጣትና ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

«እስቲ ማሽኑን ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

«ዕቃውን በኮምፒውተር እንስለዋለን። ማሽኑ ፕላስቲክ እያቀለጠ እንደ ክር ያወጣና ክሩን በክር ላይ እየደረበ ያበጀዋል። ያ ፎርማ ይሆናል። ሙላቴ አሸዋ ውስጥ ይጫነውና ያወጣዋል፤ በቀረው ቅርጽ አሉሚኒየም ያፈስበታል። ድሮ ጋሽ ጥላዬ ፎርማውን ከእንጨት ጠርበው እስኪጨርሱ የገበሬው ፓምፕ ቆሞ ማሳው ይደርቅ ነበር። አሁን ዛሬ ስለን ነገ በእጃችን እንይዘዋለን። ካልተስማማን እናርመውና እንደገና እናወጣዋለን።»

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። በየደጁ ትናንት የተቃጠለው ቆሻሻ አመዱ ገና አልተጠረገም። በኅዳር ሚካኤል ከተማው ሁሉ ሲታጠን ነው የሚውለው፤ እሳት ይዞ መንገድ ያቋረጠ ሰው የማንንም ዓይን አይስብም።

የዮሴፍ ሚስት ትዕግሥት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከንስሐ አባታቸው ፊት ቆማለች።

«አባ፣ ራሱን አላጠፋም። በሚካኤል ይሁንብኝ፣ አላጠፋም!»

«እኔ መች አልሁ፣ ልጄ? ሰው ነው የሚለው። ‹የከሰልን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አውቆ ነው› ይላሉ።» ካህኑ ወደ አመተማርያም ዞሩ። «አውቆ ከሆነ ፍትሐት የለውም። ነገ እብናት ይቀበራል፤ እናቱ እዚያ ትጠብቃለች። ያለ ጸሎት አፈር ልናለብሰው ነው ወይስ እንደ ክርስቲያን? አስከሬኑ ወደ እብናት ከመንቀሳቀሱ በፊት ቁርጡን ንገሪን።»

«እነግርዎታለሁ፣ አባ» አለች። አፏ እንጂ ልቧ እርግጠኛ አልነበረም።

ከአቶ መርሻ ጀመረች። ቢሮአቸው ውስጥ የሞቀ ማንደጃ ከእግራቸው አጠገብ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል።

«ከዮሴፍ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ አባትና ልጅ!» አሉና ፈገግ አሉ። «ውሸት ምን ይሠራል? አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ቤቱ የእኔ፣ ማሽኑን የገዛሁት እኔ፣ ስሙ የእሱ! ባለፈው ከገሳይ አንድ ገበሬ መጥቶ እኔን በር ላይ አግኝቶ ‹የዮሴፍ ቤት ይኸ ነው?› አይለኝም? እኔ ታዲያ ማን ነኝ? ዘበኛው?»

«ቀኑበት።»

«ቀናሁ። ሰው እንጀራው ላይ እሳት ይለቃል እንዴ ግን? ያለ እሱ ማሽኑ ባዶ ሣጥን ነው።»

«የግቢው ቁልፍ ማን ጋር ነው?»

«በበዓል ቀን ከጉበኑ ላይ ነው የሚቀመጠው። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የጓሮው ክፍል ደግሞ ከውስጥ አይቆለፍም።»

ትዕግሥት ጥያቄ አልጠበቀችም። «እትዬ፣ እኔም ቀንቻለሁ፤ ከሰው አፍ ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። ከማሽኑ ጋር የሚያድረው ከእኔ ጋር ከሚያድረው በለጠ። ማሽኑ ብቻውን ቢሆን እኮ ደግ ነበር! አጠገቡ ዓይኗ እንደ ብርሌ የሚያበራ ልጅ አለች። ትናንት ተጣላን። ሲመሻሽ ላንቀው መጣሁ።»

«ገባሽ?»

«የግቢውን በር ገፋ ሳደርገው ጋሽ ጥላዬ ከዮሴፍ ክፍል ባዶ እጃቸውን ወጡ። ዮሴፍ ከውስጥ ‹ደኅና እደሩ› ሲላቸው ሰማሁ። አፍሬ ተመለስሁ።» ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች። «ገብቼ በነበር።»

ጋሽ ጥላዬ የማቅለጫው የቀድሞ ፎርማ ጠራቢ ናቸው። እንጨት ቤታቸው ውስጥ ፍራሽ የሚያህል ፍቅፋቂ ተከምሯል፤ እሳት የሚባል ግን በደጁም አያልፍም። ብርዱን በሁለት ጋቢ ይመክታሉ።

«አንቱ ዮሴፍን ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«ማሽኑን ነው የጠላሁት። ‹ቻይና ድረስ ሄዶ ተምሮ፣ ምራቁን የሚተፋ ሣጥን ይዞ መጣ› ብያለሁ፤ በጠላ ቤት፣ በአደባባይ። አሁንም እላለሁ።»

አመተማርያም ከዮሴፍ ጠረጴዛ ያነሣችውን አንድ የእንጨት ክንፍ አወጣች። እንደ ቅጠል የሳሳ፣ ሲነኩት እንደ ቅቤ የሚያሟልጭ ነው።

«ይኸ የማን እጅ ነው?»

ሽማግሌው ክንፉን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«የእኔ ነው። ዓይኔ እየከዳኝ መጣ፣ ልጄ። ያ ልጅ ‹ጋሼ፣ ፎርማዎቹን ያምጡልኝና ልለካቸው፤ አንቱ ባይኖሩ እጅዎ ይኖራል› አለኝ። በበዓል ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ አንድ አንዱን በጋቢዬ ደብቄ አመጣለታለሁ። ትናንትም ያን አመጣሁለት፤ ማሽኑንም ያስነሣው እኔ ከገባሁ በኋላ ነው።»

«ለምን በስውር?»

«በአደባባይ የሰደብሁትን በአደባባይ ልለምን?»

«ይኸን ማን ያውቃል?»

«እሱና እኔ። ለሙላቴ እንኳ አልነገርሁም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት ነው፤ እሱ ፊት አፈርሁ።»

ሙላቴን ከቀዘቀዘው ማቅለጫ ምድጃ አጠገብ አገኘችው። አሉሚኒየሙን የሚያፈስሰው እሱ ነው፤ ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ እንደ ዝናብ ጠብታ ተበትኗል። ቀልድ ይወዳል።

«እኔ ትናንት ጋፋት ነበርሁ፣ ኢንስፔክተር። የማኅበሩ ተራ የአጎቴ ነበር።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ጠላው እስኪያልቅ። አጎቴ ቋጣሪ ነው፣ ቶሎ ነው የሚያልቅበት።»

ሳቀች። «ጋሽ ጥላዬ ሁሉን አስተምረውሃል አሉ።»

«ሁሉን፣ ከአንድ ነገር በቀር። ውሃ የሚገፋውን ክንፍ እንዴት እንደሚያጎብጡት። ስጠይቃቸው ‹ዓይንህ ገና አልበሰለም› ይሉኝ ነበር፤ መጠየቅም ተውሁ። ጸጉሬ ሸበተ፤ ዓይኔ ጥሬ ነው።» የብረት መቆስቆሻውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። «የዚያ ከሩቅ የመጣው ልጅ ዓይን ግን ወዲያው በሰለ።»

አመተማርያም ቅናትን ከወሬ አይደለም የምታውቀው። አብራት የተቀጠረችው ጓደኛዋ ባሕር ዳር ለሥልጠና ስትመረጥ እሷም እንዲህ እየቀለደች ነበር ደስ አለኝ ያለችው።

ወደ ዮሴፍ ክፍል ተመልሳ ቤዛዊትን አስጠራቻት። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ጥቁሩን ተሽከርካሪ አንሥታ ጎኑን በጥፍሯ ፈተሸችው፤ ጥፍሯ አንድ ቦታ ላይ ተሰነቀረ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ቤዛዊት ዓይኗን አጠበበች። «ስንጥቅ ነው። የክፍሉ በር ሲከፈትና ብርድ ሲመታው ክሩ እንዲህ ይላቀቃል። ለዚህ ነው እኛ ከመክፈታችን በፊት ማሽኑን የምናቆመው። ሲያቆሙት ደግሞ እንደ ኪንታሮት ያለች ጠብታ ትቀራለች። ይኸውና፣ ከታች በኩል አንዷ።»

«እዚያስ ስንጥቅ አለ?»

«የለም። አቁሞ፣ ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ሲሞቅለት አስቀጥሎታል። ራሱ ዮሴፍ ነው።»

«ከላይ ከስንጥቁ አጠገብስ ጠብታ አለ?»

ልጅቷ ዙሪያውን ዳበሰች። «የለም። ሳያቆም ነው የተከፈተው። ስንጥቁም አንድ ብቻ ነው፣ ግን ሰፊ። በሩ ተከፍቶ ቆይቷል።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በማቅለጫው ሰፊ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የቅርጽ ማውጫው አሸዋ ጥጉ ላይ ተከምሯል። ውጭ አስከሬኑን ወደ እብናት የምትወስደው መኪና ሞተሯን አስነሥታ ትጠብቃለች። የንስሐ አባቱ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል። ትዕግሥት ከእሳቸው ዓይን ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

«ብርዱ አጥንት ይሰብራል» አለች አመተማርያም። «ቤዛዊት፣ እሳት አምጪልን። በሩ ክፍት ይሁን።»

ቤዛዊት የጋለ ማንደጃ በጨርቅ ይዛ ገባች።

«ሙላቴ፣ ተቀበላትና መሃል ላይ አስቀምጥልን።»

ሙላቴ ተነሣ። መጀመሪያ ወደ ክምሩ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አሸዋ ዘገነ፤ ወለሉ ላይ በትኖ በመዳፉ ደለደለው። ከዚያ ማንደጃውን ተቀብሎ በላዩ አሳረፈው፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም ልብ አላለውም።

«አባ» አለች «ዮሴፍ ራሱን አላጠፋም። ምስክሬ ይኸ ነው።» ተሽከርካሪውን አነሣች።

«ፕላስቲክ ሊመሰክር?» አሉ አቶ መርሻ።

«ይመሰክራል። ይኸ ዕቃ የተሠራው ክር በክር ላይ እየተደረበ ነው፤ ከታች ያለው የቀደመው፣ ከላይ ያለው የኋለኛው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ምልክት ይዟል። እዚህ ታች ጠብታ አለች፤ ዮሴፍ ማሽኑን አቁሞ ሰው ሸኝቷል። የሸኘው ጋሽ ጥላዬን ነው፤ ትዕግሥት ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አይታለች፣ የባሏንም ድምፅ ሰምታለች። ከዚያ በኋላ በሩን ዘግቶ፣ ጆሮውን ወትፎ ተኝቷል። እሳቱ ገና አልገባም።»

«ጋሽ ጥላዬን ምን ወሰዳቸው እዚያ?» አለ ሙላቴ። ቀልዱ ድምፁ ውስጥ አልነበረም።

«እንደርስበታለን። ከፍ ሲል ደግሞ ይኸ ስንጥቅ አለ። ጠብታ የለውም፤ በሩን የከፈተው ሰው ማሽኑን አላቆመም። ዮሴፍ ከሰል ሊያመጣ ወጥቶ ቢመለስ ኖሮ ስንጥቁ ሁለት ይሆን ነበር፤ አንዱ ሲወጣ፣ አንዱ ሲገባ። እዚህ ያለው አንድ ነው፣ ግን ሰፊ። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ትቶ፣ ሁለት ነገር አስገብቷል።»

«ሁለት?» አለች ትዕግሥት።

«አንዱ ማንደጃው ነው። ሁለተኛውን ሆን ብዬ ደብቄያችሁ ነበር።» ከኪሷ ፖስታውን አውጥታ መዳፏ ላይ ገለበጠችው። አሸዋው በጣቶቿ መሃል ወረደ። «ከማንደጃው ሥር ተነጥፎ ነበር፣ በመዳፍ ተደልድሎ። ዮሴፍ አሸዋ የነካ ጫማ እንኳ በዚያ በር አያሳልፍም፤ ብናኙ ማሽኑን ይበላዋል። ቤዛዊትም እንደ እሱ ናት። እንግዲህ ሰው ሊገድል የገባ ሰው፣ ልቡ እየመታ፣ የተኛው እንዳይነቃ እየፈራ፣ አሸዋ የሚያነጥፈው ለምንድን ነው?»

አመተማርያም በክፍሉ መሃል ወደሚጨሰው ማንደጃ በአገጯ አመለከተች።

ሁሉም ወደ ታች አዩ። ሙላቴም አየ። ያየውን ራሱ ያደረገው አይመስልም ነበር።

«ሲሚንቶ...» አለ በዝግታ «እርጥበት ይይዛል። የጋለ ነገር ሲያርፍበት ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል። ይኸንን ማንኛውም ሰው...»

«ብረት የሚያፈስስ ሰው። አቶ መርሻ ማንደጃቸውን ባዶ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጣሉ። ጋሽ ጥላዬ እሳት ወደ እንጨታቸው አያስጠጉም። ትዕግሥት እንደ ማንኛችንም ወለሉ ላይ ታኖረዋለች። እዚህ ቤት እጁ ሳያስበው አሸዋ የሚያነጥፍ አንድ ሰው ነው ያለው።»

«ሰው ሊያመካኝብኝ ቢያነጥፈውስ?»

«ያን ጊዜ እንዲታይ ያደርገው ነበር፤ ይኸ ማንደጃው ሥር ተሰውሮ ነው ያገኘሁት። ደግሞ ትናንት ‹ከሩቅ የመጣው ልጅ ዓይን ወዲያው በሰለ› አልኸኝ። ጋሽ ጥላዬ ለዮሴፍ ክንፉን በስውር እንደሚያሳዩት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በዓይኑ ያየ ሰው ካልሆነ።»

ሙላቴ ወደ እሷ አልተመለከተም። ያየው ጋሽ ጥላዬን ነበር።

«ጣቱን ያዙት» አለ። «ባለፈው በዓል በበሩ ስንጥቅ አየኋችሁ። ጣቱን ይዘው በክንፉ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱት፣ ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥሩ። ‹እዚህ ጋ ውሃው ይዞራል፣ ተሰማህ?› አሉት። ጋሼ፣ እኔን አንድ ቀን ጣቴን ይዘውኝ ያውቃሉ? የአንቱን ፍቅፋቂ ስጠርግ አደግሁ። የአንቱን ፎርማ በአሸዋ ስጭን ክንዴ ተቃጠለ። ማሽኑን ችዬው ነበር እኮ! ማሽን ነው፣ ምን አውቆ! እሱን ግን...» እጁን እንደገና በሱሪው ጠረገ። «ከትናንት ወዲያ ከጋፋት ስመለስ አሁንም ከዚያ ክፍል ሲወጡ አየሁ። ከተማው በሙሉ ይጨሳል። ከሰሉ በየደጁ ነው።»

ትዕግሥት ጮኸች። ቤዛዊት፣ ያች የቀናችባት ልጅ፣ እቅፍ አድርጋ ያዘቻት፤ ትዕግሥትም አልገፋቻትም። አቶ መርሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዞሩት ጀመር።

ካህኑ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጄ ትዕግሥት፣ ተነሺ። ለእናቱ ደውይላት። ፍትሐቱን እኔ ራሴ አብሬ ሄጄ አደርሳለሁ።»

እብናት ላይ ዮሴፍ ሙሉ ጸሎት ተደርሶለት ተቀበረ። አመተማርያም አፈሩ ተመልሶ ሕዝቡ ወደ ድንኳኑ ሲያመራ ከኋላ ቀረች። ጋሽ ጥላዬ ወደ እሷ መጡ፤ ዱላቸው የሚረግጥበትን መሬት እየፈለገ።

«ሙላቴን ታገኝው የለ?»

«ነገ አገኘዋለሁ።»

«መልእክት ላኪልኝ። እንዲህ በይው፦ ‹ልጁ ፎርማዎቹን የሚያስቀምጥልኝ ላንተ ነበር። ዓይኔ ሳይጠፋ፣ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ እንዲሆንህ ብዬ ነው። ክንፉን እኔ ራሴ በቃል የማስረዳበት አንደበት ስለሌለኝ ነበር ዓይንህ አልበሰለም ስልህ የኖርሁት። ውሸቴን ነው። ዓይንህ ከበሰለ ቆይቷል።›» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ ‹ምን ላምጣልህ?› ማለቴን ጨምሪና መልሱን አምጪልኝ።»

አመተማርያም በማግስቱ በእስር ቤቱ አጥር በኩል አንዲት ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ አደረሰችለት። ሙላቴ መዳፎቹን እያየ ሰማት። ስትጨርስ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ጋሽ ጥላዬ ለገበያ በወጡ ቁጥር በፖሊስ ጣቢያው በኩል ማለፍ ጀመሩ። አይገቡም። ከአጥሩ ውጭ ይቆሙና የአመተማርያምን መስኮት ቀና ብለው ያያሉ። እሷም ራሷን ትነቀንቅላቸዋለች፤ የለም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ።

ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። መልስ አልመጣም።